ቢላዋው የማን ነበር

ስለ እንሰት በሽታ በስላይድ የሚያስረዳ ሰው ባየሁ ቁጥር የያዝኩትን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ መውጣት ያምረኛል። ወርውሬ አላውቅም፤ እንጀራዬ ነው። የምሠራው ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ የስብሰባ አዳራሽ አስተናጋጅ ሆኜ ነው። ውኃ አድላለሁ፣ ብስኩት እደረድራለሁ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ የሚቆጣኝን እሰማለሁ። የዓለም የምግብ ችግር የሚባለውን ነገር ከማንም ምሁር እኩል ሰምቼዋለሁ። ሰው በዛ፣ መሬት ጠበበ፣ ዝናብ ከዳ፣ ተባይና በሽታ ሰብሉን ጨረሰ ይባላል። ከዚያ "የመፍትሔ አቅጣጫዎች" የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ይበራል። የመጀመሪያው መስመር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ግንዛቤ ማስጨበጥ።

ግንዛቤ! እኛ ሰፈር ግንዛቤ ጠፍቶ አያውቅም። አክስቴን የበላት ግንዛቤ ነው።

ያደግሁት ከሐዋሳ ወጣ ብላ ባለችው ቱላ ነው። አባቴ ከተማ ውስጥ የመጋዘን ጥበቃ ነበር፤ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ማታ ይመለሳል። ቤታችን የቆመው በእናቴ ጉልበትና በጓሯችን እንሰት ነው። ከአጥራችን ቀጥሎ የአባቴ ታላቅ እህት ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። ደሞዝ የሚያመጣላት፣ ከብት የሚያግድላት የለም። ያላት ጓሮዋ ብቻ ነው።

እንሰት ቸኩሎ አይደርስም። ዛሬ የተተከለው ችግኝ የሚበላው ዛሬ በጀርባ የታዘለችው ልጅ ተማሪ ቤት ስትገባ ነው። ስለዚህ በደህና ጓሮ ውስጥ ትንሹም ትልቁም አብሮ ይቆማል፤ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ይከተላል። ዝናብ ሲቀር በቆሎው ይደርቃል፣ እንሰቱ ግን ቆሞ ይጠብቅሃል። ጓሮዋ የሞላ ሴት፣ ባል ይኑራት አይኑራት፣ ማንም አይንቃትም ነበር።

እንሰት ብቻን አይፋቅም። ሴቶች በደቦ ተጠራርተው ነው የሚፍቁት፤ ዛሬ እኔ ቤት፣ በሚቀጥለው አንቺ ቤት። የተቆረጠው ግንድ ተላልጦ ሣንቃ ላይ ይደገፋል፤ ሴቲቱ መሬት ተቀምጣ በአንድ እግሯ ተረከዝ ወደ ላይ ትይዘውና በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ትፍቀዋለች። የተፋቀው በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፤ ቆጮ የሚሆነው ያ ነው። እግር ወደ ላይ ስለሚነሣ ወንድ ወደ ደቦው አይቀርብም። ወንድ ስለማይቀርብ ደግሞ ሴቱ የልቡን ያወራል። ሰፈራችን ውስጥ የሚሳቀው ሳቅ ሁሉ ከእንሰት ጓሮ ነበር የሚሰማው።

አክስቴ በዚህ ሥራ የታወቀች ነበረች። የትኛዋ እንሰት እንደደረሰች አይታ የመጀመሪያውን ቅጠል በራሷ ቢላዋ የምትጥለው እሷ ናት። ረጅም ቢላዋ ነበር፣ እጀታው በጠፍር የተጠመጠመ። ቆርጣ ስታበቃ አጠገቧ ላለችው ትሰጣታለች፣ ያቺም ለሌላዋ። ደቦ ላይ ቢላዋ ይዞ "የራሴ ነው፣ አልሰጥም" ማለት ነውር ነው። አክስቴ መጠራት ትወድ ነበር። ጠሪዋ አጥሩ ጋ ስትደርስ እሷ ነጠላዋን ለብሳ ጨርሳለች። የምትኖረው ለዚያ ነበር ብል አላጋነንኩም።

በሽታው የገባው እኔ ሐዋሳ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ነው። መጀመሪያ የመሐሉ ቅጠል ቢጫ ይሆንና ይንጠለጠላል። ግንዱ ሲቆረጥ መግል የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። አንድ ጓሮ ታመመ፣ ከዚያ ሁለተኛው። አንዳንዱ የሰው ዓይን ነው አለ፣ የጸሎት ቤቱ ሰዎች ጾም ያዙ። በመጨረሻ የግብርና ሠራተኛው መጣ፤ ወጣት ልጅ ነው፣ ቆንጆ አድርጎ አስረዳ።

"መድኃኒት የለውም" አለ። "የሚተላለፈው በቢላዋ ነው። የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩት። ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከመሄዳችሁ በፊት ቢላዋውን እሳት ላይ አግሉት። የማንም ቢላዋ ይሁን፣ የሁሉም!"

ይሄን ደጋግሞ ነገራቸው። የሚጠይቀው ፍምና ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነበር። ሴቶቹም በደንብ ገባቸው፤ "በቢላዋ ነው፣ በቢላዋ ነው" እያሉ ተበተኑ።

ነገር ግን ዘመኑ የአንድ ለአምስት ዘመን ነበር። ለማያስታውስ ላስረዳ። ጎረቤታሞች አምስት አምስት እየሆኑ በአንድ መሪ ሥር ይደራጃሉ። ማዳበሪያው፣ ክትባቱ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱ፣ ሁሉም ትእዛዝ በዚያ ይወርዳል፤ ሪፖርቱም በዚያው ይወጣል። የእኛ ሴቶች መሪ እናቴ ነበረች። ሹመት ፈላጊ አልነበረችም፣ ሲሰጧት ግን ጥርስ ነክሳ ያዘችው። ቀበሌው የእንሰቱ በሽታ በየቡድኑ ይገምገም ብሎ አወረደ።

ግምገማ ደግሞ ጥፋተኛ ሳይገኝ አያልቅም። ችግሩ ይነሣል፣ ምንጩ ይፈለጋል፣ አንድ ሰው ቆሞ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ይጨበጨብለታል፣ ሰዉ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ እርስ በርሳችን የምናወራው በሲዳሙ አፎ ነው። ግምገማንና ግለ ሂስን ግን አሮጊቶቹ ሳይቀሩ በአማርኛ ነበር የሚጠሯቸው፤ ከነስማቸው ነው የመጡብን።

የተሰበሰቡት እኛ ግቢ፣ አቮካዶው ሥር ነው። ሻይ የማድለው እኔ ስለነበርኩ አንድም ቃል አላመለጠኝም። በሽታው በቢላዋ እንደሆነ ተነገረ። በማን ቢላዋ? "በእኔ" የሚል ጠፋ። ሴቶቹ መሬት መሬቱን ያያሉ፣ አንዷ ሣር ትነጫለች፣ አንዷ ሕፃኗን ሳይርበው ታጠባለች። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ሄደች፤ እናቴ ቀበሌ ሄዳ ምን እንደምትል ጨንቋት ፊቷ ጠቆረ። በመጨረሻ ወደ አክስቴ ጠጋ ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ አናገረቻት።

"እትዬ፣ እርስዎ ታላቃችን ነዎት። ትንሽ ነገር ይበሉና እንነሣ። ለሪፖርት ነው እንጂ ማን ይይዝብዎታል?"

አክስቴ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች።

"እንግዲህ በየቤቱ እየዞርኩ የምቆርጠው እኔ ነኝ" አለች። "ምናልባት የእኔ ቢላዋ ይሆናል። ለወደፊቱ አስተካክላለሁ።"

ተጨበጨበ። እናቴም አጨበጨበች። አክስቴ ፈገግ ብላ ተቀመጠች፤ ሰው ከጭንቅ ያወጣች መስሏታል። ሻይ ጨመርኩላት፣ መረቀችኝ።

ለሪፖርት ተብሎ የተነገረው ነገር ሳይውል ሳያድር እውነት ሆነ። "ራሷ አምናለች" ማለት ጀመሩ። ያቺ አቮካዶ ሥር የተቀመጠች ሁሉ፣ አክስቴ ለምን እንደተነሣች በዓይኗ ያየች ሁሉ፣ ገበያ ስትወጣ "ራሷ አምናለች" ትላለች። በሚቀጥለው ደቦ አልጠሯትም። ሳትጠራ ሄደች። ቀርከሃ የለም አሏት። ቆማ ቆማ ስትመለስ የረገጠችው ላይ አመድ በተኑ። ወደ ገበያ ያወጣችው ቆጮ ሳይሸጥ ተመለሰ። ሰላምታው እንኳ ከሩቅ ሆነ።

እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ወደ እሷ ግቢ የምሾልክበት የአጥር ቀዳዳ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ በእሾህ ዘግታዋለች። ምን ማለት ነው ብዬ ጮህኩባት።

"ለጥንቃቄ ነው" አለችኝ፣ ጮክ ብላ። ከእሾሁ ወዲያ አክስቴ ጎንበስ ብላ ትኮተኩት ነበር። ቀና አላለችም።

አባቴ ቅዳሜ መጥቶ እሾሁን አየው። የገዛ እህቱ ናት፤ እናቱ ስትሞትበት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ቆም ብሎ አየና ወደ ቤት ገባ። "ዝም አይነቅዝም" አለ፣ ጫማውን እያወለቀ። ዝምታው አይነቅዝ ይሆናል፤ እህቱ ግን በቁሟ ነቀዘች። አባቴን ለዚህ ይቅር አላልኩትም፣ አሁንም አላልኩትም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው። አክስቴን ካራቁ በኋላ የራሳቸውን ቢላዋ እንደ ድሮው መቀባበል ቀጠሉ። ለምን ብለው እሳት ያስነኩታል? ጥፋተኛው ቢላዋ ታውቋል፣ ከእሾህ ወዲያ ነው። ከታመመው እንሰት ወደ ጤነኛው፣ ከአንዷ ጓሮ ወደ ሌላዋ፣ እየተሳሳቁ ያዞሩታል። ጓሮው በየተራ ቢጫ ሆነ። የእኛም ሆነ። አንድ እንሰት በወደቀ ቁጥር እናቴ ቀና ብላ የምታየው ወደ አክስቴ አጥር ነበር።

ከአክስቴ ጓሮ ግን አንዲት ቅጠል አልጠወለገችም። ሰው ስለማይገባ የሰው ቢላዋም አይገባም። የራሷን ደግሞ የግብርና ሠራተኛው ልጅ እንደነገራቸው ከእያንዳንዱ እንሰት በፊት ፍም ላይ ታገላብጠዋለች። በእሾሁ መሐል አያት ነበር። ብቻዋን ትቆርጣለች፣ ብቻዋን ትፍቃለች፣ ከንፈሯ አጠገቧ ሰው እንዳለ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። በጥላቻ ያጠሩባት አጥር እንሰቷን አዳነላት። እሷ ግን እንደ ትርፍ አልቆጠረችውም።

አንድ ቀን እናቴ ገበያ ስትወርድ ዞሬ በበሯ በኩል ገባሁ። በጭኗ ላይ ስላደግሁ አንቺ ነው የምላት።

"እንሰትሽ እንዴት ያምራል!" አልኳት።

"ያምራል" አለች፣ ዞር ብላ ሳታየው። "ደቦው የነማን ቤት ነው ዛሬ?"

ነገርኳት።

"ታዲያ የመጀመሪያውን ማን ይቆርጥላቸዋል?"

እናቴ እንደምትቆርጥ እያወቅሁ አላውቅም አልኳት። ቆጮ ጋግራ አበላችኝ። ስወጣ በሩ ድረስ ተከትላኝ መጥታ መንገዱን ግራ ቀኝ አየች፤ ለእኔ ፈርታ ነው፣ ከእሷ ግቢ ስወጣ ሰው እንዳያየኝ።

ከዚያ በልጉ ቀረ። የክረምቱም ዝናብ መጣሁ መጣሁ እያለ አልመጣም። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ተጠበሰ። ድሮ እንዲህ ሲሆን ሰው ወደ ጓሮው ዞር ይላል፤ አሁን በየጓሮው ያለው የተቀበረ እንሰት ጉብታና ገና ያልተነቀለ አንድ ሁለት በሽተኛ ብቻ ነው። የአባቴ ደሞዝ የምትገዛው እህል ቅዳሜ ገብታ ረቡዕ ታልቃለች። እናቴ ጎመን በጨው ቀቅላ ታቀርብልንና እሷ "ቀምሻለሁ" ትላለች። አልቀመሰችም። ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሲዞር አይ ነበር። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ጠልቻት አርፍ ነበር።

በሰፈሩ ቆሞ የቀረው የአክስቴ ጓሮ ብቻ ሆነ። ከመንገድ ይታያል፣ አረንጓዴ። ሴቶቹ ሲያልፉ መጀመሪያ አያዩትም ነበር። ቀጥለው እያዩት ማለፍ ጀመሩ። ከዚያ መቆም ጀመሩ።

"እትዬ ብቻዋን አልቻለችም፤ ደቦ እንውጣላት" አለች እናቴ። ውለታ አስመስላ ነው የተናገረችው። በደቦ ልማድ የቤቱ ባለቤት ሠራተኞቹን ታበላለች፤ ሲሄዱም ከተፋቀው ታካፍላለች። ስለዚህ ልመና አይባልም። ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ ያለች አልነበረችም።

የተላክሁት እኔ ነኝ። አክስቴ ሰምታኝ ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሣች። "እኔ ቤት? ሁሉም?" አለችኝ። ያን ቀን ሙሉ ግቢዋን ስትጠርግ ዋለች። ሲጠበቅ የኖረ ሠርግ ያላት ነበር የምትመስለው።

በነጋታው ሴቶቹ መጡ። እናቴ ከፊት ናት፣ እኔ ሣንቃ ተሸክሜ ከኋላ። በየእጃቸው ያለው ቢላዋ ትናንት የየራሳቸውን የመጨረሻ በሽተኛ እንሰት የቆረጡበት ነው፤ ጭማቂው ስለቱ ላይ ደርቆ ይታያል። አክስቴ በሩ ላይ ቆማለች። እግሯ ሥር በገል ላይ ፍም አስቀምጣለች፤ የተራገበ፣ የቀላ።

አንድ በአንድ አቅፋ ሳመቻቸው። ከዚያ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ "ፍሙ እዚህ ነው" አለች። እንዲሰማ አድርጋ አልነበረም የተናገረችው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ፍሙን አየችው። ከዚያ አክስቴን አየቻት።

"እትዬ" አለች፣ "ይሄ ለእኛ ነው? እኛን ነው የሚገመግሙት?"

አንዷ ሳቀች። ሌላዋ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ለመመለስ ዞር አለች። የምሯን ይሁን ለማስፈራራት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አክስቴ ግን ያቺን ዞር ማለት አየቻት። ደነገጠች።

"ኧረ የለም! ሻይ ልጥድላችሁ ብዬ ነው!" አለች። ጎንበስ ብላ በእጇ አመድ ዘግና ፍሙን አለበሰችው። "ግቡ፣ ግቡ እንጂ።"

በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል። በሬው ግን አያውቅም። አክስቴ እያወቀች ነው በሩን የከፈተችላቸው።

ያን ቀን ሳቋ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማ ነበር። የመጀመሪያውን ቅጠል እሷ ጣለች፤ ቢላዋዋን ሰጠች፣ የሌላዋን ተቀበለች፣ ከእንሰት ወደ እንሰት እየዞረች "ይቺን፣ ይቺንም" እያለች አስቆረጠቻቸው። ከሚበቃው በላይ ነበር ያስቆረጠችው፤ ሥራው ቶሎ እንዳያልቅ ይመስለኛል። ገና ያልደረሱትንም ሳይቀር ቅጠላቸውን በቢላዋ አራገፉላት። ሁሉም ተሸክሞ ሄደ። እኛም በላን፤ በበኩሌ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ዘግይቶ ዝናብ ሲመጣ የመሐል ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ። ትልልቆቹ ተያዙ፣ ቀጥሎ ቅጠላቸው የተራገፈው፣ ቀጥሎ ችግኞቹ። ብቻዋን ነቅላ ብቻዋን ቀበረቻቸው። ለመቅበር ደቦ የወጣላት የለም።

ሴቶቹስ ምን አሉ? "አላልናችሁም?" አሉ። "ያ ቢላዋ መጨረሻ ላይ የራሷንም በላ።"

እናቴም እንደ አባቴ ዝምታ ተማረች።

ከዚያ በኋላ ከተማው እየሰፋ መጣ፣ መሬቱ ለቤት መሥሪያ ተሸነሸነ፤ እኛም ሐዋሳ መሐል ቤት ተከራይተን ገባን። አክስቴን ይዘናት መጣን፤ አባቴ እህቱን ሜዳ ላይ ጥሎ ቢመጣ ሰው ምን ይላል? ማድ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል አስቀመጥናት። ከገበያ የተገዛ ቆጮ ትበላለች፣ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አትልም። ስለ ጓሮዋ አንድ ቀን አንሥታ አታውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ነበራት። ወጥ ሥራ ላይ እናቴን ስታግዝ፣ ምንም ነገር ከመቁረጧ በፊት፣ ቢላዋውን የቡታጋዙ ነበልባል ላይ ታደርገዋለች። አንዱን ጎን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ቀስ ብላ። ሽንኩርትም ይሁን ጎመን፣ ዳቦም ቢሆን። የቤታችን ቢላዋ ሁሉ ጠቆረ። እናቴ ይህን ስታይ በእጇ የያዘችውን አስቀምጣ ከማድ ቤት ትወጣለች። አንድ ጊዜ ግን መታገሥ አቃታት።

"እትዬ፣ በእግዚአብሔር ይተዉት" አለቻት።

"ለጥንቃቄ ነው" አለች አክስቴ፣ ፈገግ ብላ።

እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። እኔ ግን አክስቴ አርጅታ፣ ሐሳቧ እዚያ ጓሮ ላይ ቀርቶ ነው ብዬ አዝንላት ነበር። እንደ ሕፃን ዓይቻት ማለት ነው።

አንድ እሑድ እናቴ ጸሎት ቤት ሄዳ ሁለታችን ብቻ ቤት ቀረን። አክስቴ ሽንኩርት ላጠችና ቢላዋውን ከመደርደሪያው አንሥታ ቀጥታ መክተፍ ጀመረች። ቡታጋዙ አጠገቧ ይነድዳል፤ ዞር ብላም አላየችው።

"አክስቴ፣ ዛሬ እሳቱን ረሳሽው" አልኳት።

"እናትሽ የለችማ" አለችና መክተፏን ቀጠለች።